የነብሮ ጾም

በቅበላ እሑድ ማታ የሰፈራችን ሥጋ ቤት ሊዘጋ ሲል የመጨረሻውን የልፋጭ ፌስታል አንጠልጥዬ የምወጣው እኔ ነኝ። ከማግስቱ ጀምሮ ለ55 ቀን ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፤ ቤታችን በሽሮ፣ በምስርና በጎመን ይከርማል፤ ውሻችን ነብሮም አብሮን ይጾማል። ፈቃዱን የጠየቀው የለም። የንስሐ አባት የለውም፤ ፋሲካ መቼ እንደሚውልም አያውቅም። አራተኛው ሳምንት ላይ ጎኑ መሟሸሽ፣ ጠጉሩም ወዙን ማጣት ይጀምራል። ሳህኑ ሲቀርብለት አሽትቶ ቀና ብሎ ያየኛል፤ እኔም ዓይኔን ወደ ሌላ አዞራለሁ።

ዘንድሮ ይህን ያየ የእህቴ ልጅ ከሱፐርማርኬት አንድ ከረጢት የውሻ ምግብ ተሸክሞ መጣ። ቡናማ፣ ድብልብል፣ ደረቅ ፍሬ ነው፤ ነብሮ ሲቆረጥመው ቆሎ የሚበላ ይመስላል። እናቴ ዋጋውን ጠየቀች። ሲነግራት ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች።

«አንተ ልጅ፣ ሰው ጦሙን በሚያድርበት ከተማ?»

«እማማ፣ እሱም እኮ ጦሙን እያደረ ነው።»

ክርክሩ በዚያ ምሽት አላለቀም። እኔ መሐል ተቀምጬ ሁለቱንም ስሰማ ከረምኩ፤ ቆይቶም ጎረቤታችን ጋሼ ሦስተኛ ወገን ሆነው ገቡበት።

የእናቴ ሙግት እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። በዚህ ግቢ ውሻ ታጥቶ አያውቅም ትላለች። ሁሉም የበሉት ከትሪ የተረፈውን ነው፦ የእንጀራ ቁራሽ፣ የድስት ጥራጊ፣ በበዓል ደግሞ አጥንት። አንደኛው 14 ዓመት ኖሮ፣ አርጅቶ፣ በሩ ሥር ተኝቶ ነው የሞተው። ሳይንሱም ቢሆን በከፊል ከእሷ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የስዊድን ተመራማሪዎች ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት የውሻንና የተኩላን ዘረመል አነጻጽረው ነበር። የእህልን ስታርች የሚፈጨውን ኢንዛይም የሚያሠራው ዘረመል በተኩላ ውስጥ 2 ቅጂ ብቻ ሲኖረው፣ በውሻ ውስጥ ከ4 እስከ 30 ቅጂ ተገኘ። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ቅጂው የሚበዛው ከጥንት ጀምሮ እርሻ ባለበት አገር የኖሩ ውሾች ላይ መሆኑን አሳዩ፤ ዓሣና ሥጋ በሚበላበት የበረዶ አገር ያሉት ውሾች ቅጂ አነስተኛ ነው። ውሻ እንግዲህ ከገበሬ ጋር ሲኖር ሆዱን ለገበሬው ማዕድ ያስማማ እንስሳ ነው። እንጀራ ለነብሮ ባዕድ አይደለም።

ይሁን እንጂ የእናቴ ምስክሮች ተርፈው ያረጁት ብቻ ናቸው። 14 ዓመት የኖረው ሲወሳ፣ በአራት ወሩ እግሩ እንደ ቀስት ጎብጦ የቀረው ቡችላ አይወሳም። ሌላም የተረሳ ነገር አለ። የዱሮው ውሻ ሌሊት ተፈትቶ ይዞር ነበር፤ አይጥ ይይዛል፣ ወንዝ ዳር የተጣለ አጥንት ያገኛል፣ የጎረቤትን ጓሮም ይፈትሻል። ትርፍራፊው የምግቡ እኩሌታ ቢሆን ነው፤ የቀረውን ራሱ ይሞላው ነበር። ዛሬ የግንብ አጥር ውስጥ የሚውለው ነብሮ ግን እኛ ያልሰጠነውን ከየትም አያመጣም። ከማዕዳችን የጎደለው ሁሉ እሱንም ይጎድለዋል ማለት ነው።

ከጎደለው ይልቅ ያስጨነቀኝ ግን የተትረፈረፈው ነው፤ ሽንኩርት። ቀይ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል የሚያፈርስ የድኝ ውህድ አለው። መቀቀልም ሆነ ማድረቅ አያጠፋውም። ከክብደቱ 0.5 በመቶ የሚሆን ሽንኩርት በአንድ ጊዜ የበላ ውሻ የመመረዝ ምልክት ሊያሳይ ይችላል፤ 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ይህ 100 ግራም፣ ማለትም አንድ መካከለኛ ራስ ሽንኩርት ነው። አንድ የዶሮ ወጥ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚፈጅ ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ አልነግርም። ችግሩ ወዲያው አይታይም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ውሻው ይደክማል፤ ሰውም «ምን ነካው? ቡዳ በላው እንዴ?» ይላል። አንድ ጉርሻ ፍርፍር ውሻ አይገድልም፤ ይህንን ለእናቴ እሰጣታለሁ። በየቀኑ ከወጥ ድስት የሚጠረግለት ውሻ ግን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ደሙን እየከፈለ እንደሚበላ እሷም ልትቀበለኝ ይገባል።

ወደ ከረጢቱ ልምጣ። ይህ ነገር የፈረንጅ ቅምጥልነት ሆኖ የሚታየን ታሪኩን ስለማናውቅ ነው። ጄምስ ስፕራት የሚባል አሜሪካዊ የመብረቅ መከላከያ ሻጭ በ1860ዎቹ መባቻ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ለንደን ሄዶ ሳለ ውሾች የመርከበኞች ደረቅ ብስኩት ሲሻሙ አየ ይባላል። ከዚያም ስንዴን፣ አትክልትንና የከብት ደምን ለውሶ የመጀመሪያውን የውሻ ብስኩት ለገበያ አቀረበ። ትርፍራፊን ወደ ሸቀጥ የለወጠ ነጋዴ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ዛሬ ግን ከረጢቱ ውስጥ ያለው ከዚያ የራቀ ነው። በደንብ የተሠራው ፕሮቲኑ፣ ካልሲየሙ፣ ዚንኩና ቫይታሚኑ ተለክቶ የገባበት ነው። የእህቴ ልጅ በዚህ ላይ የያዘው እውነት አለ፤ በተለይ ስለ ቡችላ። ሥጋ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ኢምንት ነው። ልፋጭና እንጀራ ብቻ የሚበላ የጀርመን ሼፐርድ ቡችላ አጥንቱ ሳይጠነክር ክብደቱ ይቀድመዋል፤ እግሩ ይጎብጣል። ያንን ያየ ባለቤት ደግሞ በድንጋጤ የካልሲየም ክኒን ይግታል፤ ለትልልቅ ዝርያ ቡችላ ካልሲየም ሲበዛም መገጣጠሚያን ያበላሻል። ይህን ሚዛን በምጣድና በጭልፋ መጠበቅ ከባድ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ከመጻሕፍትና ከኢንተርኔት 200 የቤት ውስጥ የውሻ ምግብ አሠራሮችን ሰብስበው ቢመረምሩ፣ 95 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ አስፈላጊ ንጥረ ነገር ጎድሏቸው ተገኙ። ያውም ብዙዎቹ በእንስሳት ሐኪሞች የተጻፉ ነበሩ።

ከረጢቱም ቢሆን ጻድቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ከቻይና የመጣ የስንዴ ፕሮቲን ሜላሚን በሚባል ኬሚካል ተበርዞ በመገኘቱ በሰሜን አሜሪካ በሚሊዮን የሚቆጠር ጣሳና እሽግ ከገበያ ተሰብስቧል፤ ኩላሊታቸው የከሸፈ ውሾችና ድመቶች ግን ቀድመው ሞተዋል። በእኛ አገር ላይ ሌላ ጣጣ ይጨመራል። ባሕር ተሻግሮ፣ ጂቡቲ ሙቀት ላይ ቆይቶ፣ መጋዘን ከርሞ የሚደርሰው ከረጢት ውስጡ ያለው ስብ ሊበላሽ ይችላል። አፉ ተከፍቶ በኪሎ የሚሸጥ ከሆነማ የምርት ቀኑን ማን ያያል?

አንድ ጊዜ ሜሪላንድ የምትኖረው እህቴ፣ የዚሁ ልጅ እናት ናት፣ በስልክ ስናወራ የእሷ ውሻ «እህል አልባ» የሚባለውን ውድ ምግብ እንደሚበላ ነገረችን። ተኩላ እህል አይበላም በሚል ነው የሚሸጠው። ታዲያ ምን ገብቶበት ነው ስላት ጽሑፉን አነበበችልኝ፦ አተር፣ ምስር፣ ሽምብራ። እናቴ ከጎኔ ሆና ሰምታ፣ «ታዲያ ሽሮ ነዋ!» አለች። ሳቅን። ሳቁ ግን ቁም ነገር ነበረው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 እንዲህ ያለ ምግብ የሚበሉ ውሾች ላይ የልብ ጡንቻ እየሳሳ ልብ የሚያብጥበት በሽታ እየተነገረ ነው ብሎ ምርመራ መክፈቱን አስታወቀ። እስከ ሚያዝያ 2019 ድረስ ከ500 በላይ ውሾች ተመዘገቡ፤ ከሚበሉት ምግብ የሚበዛው አተርና ምስር የበዛበት ነበር። በታኅሣሥ 2022 ግን መሥሪያ ቤቱ ምክንያቱ ምግቡ ነው ለማለት የሚያስችል በቂ መረጃ የለም ብሎ ተጨማሪ መግለጫ ማውጣቱን አቆመ። ከዚህ ተነሥቶ «ሽሮ የውሻ ልብ ያፈርሳል» የሚል ቢመጣ አልሰማውም። ከሥጋ ዋጋ በላይ ከፍሎ ሽሮ በሚገዛውም ቢሆን አልቀናም።

ጋሼ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ ሁለት የሚያስፈሩ ውሾች አሏቸው። የእሳቸው ሃይማኖት አጭር ነው፦ «ውሻ ተኩላ ነው። ጥሬ ስጠው!» ብቻቸውን አይደሉም። ኢያን ቢሊንግኸርስት የተባለ አውስትራሊያዊ የእንስሳት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው መጽሐፍ ውሻ ጥሬ አጥንትና ጥሬ ሥጋ ይብላ ብሎ ሰብኮ ብዙ ተከታይ አፍርቷል። ክርክሩ መሠረት አለው። ጥሬ አጥንት የሚግጥ ውሻ ጥርሱ ይጸዳል፤ የተቀቀለ አጥንት ግን ይሰነጠቅና እንደ መርፌ ሹል ሆኖ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። የዶሮ ወጥ አጥንት ለውሻ የሚወረውር ሰው ሁለት ጊዜ ተሳስቷል፤ አንዴ በአጥንቱ፣ አንዴ በሽንኩርቱ። ደግሞስ ቁርጥና ክትፎ የሚበላ ሕዝብ ለውሻህ ጥሬ ሥጋ አትስጥ ሲባል ቢስቅ ይፈረድበታል?

እዚህ ላይ ግን ሚዛኑን አስቀምጣለሁ፤ ይህኛው ወገን አንድ ቦታ ላይ አደገኛ ስሕተት ይሠራል። ጡንቻ ሥጋውን ማለቴ አይደለም፤ የሆድ ዕቃውን ነው። በፋሲካ ዋዜማም ሆነ በእንቁጣጣሽ በየግቢው በግ ይታረዳል። አራጁ ሆዱን ሲከፍት ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውኃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ያያል። «ይህ ለሰው አይሆንም» ይልና ቆርጦ ለውሻው ይወረውራል። ደግነት ይመስላል። ያ ከረጢት ሃይዳቲድ ይባላል፤ ውስጡ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ የትል ዘር ሞልቶበታል። እኛ በኮሶ የምናወርደው የጥሬ ሥጋ ትል ዘመድ ናት፤ ጠባይዋ ግን የከፋ ነው። ውሻው ሆድ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ትሎች ያድጋሉ፤ እሱን ብዙም አያሳምሙትም። ከ6 ወይም ከ7 ሳምንት በኋላ እንቁላላቸው ከዐይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፤ ጠጉሩ ላይ፣ አፈሩ ላይ፣ ጓሮ ያለው ሰላጣ ላይ ይቀራል። ውሻውን ያሻሸ ልጅ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ እንቁላሉ ወደ ሆዱ ይገባል፤ በጉ ላይ የታየው ዓይነት ከረጢት ደግሞ በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ማደግ ይጀምራል። ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ሲታወቅ መዳኛው ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ነው።

ይህ የድሃ አገር ዕጣ ነው ለሚለኝ አይስላንድን እጠቅስለታለሁ። በጎቿ ብዙ፣ ውሾቿ ብዙ፣ በሽታውም ቤቱን የሠራባት አገር ነበረች። ሃራልድ ክራበ የሚባል ዴንማርካዊ ተመራማሪ ነገሩን በቦታው አጥንቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1864 ትንሽ መጽሐፍ ተጽፎ ለሕዝቡ ታደለ። የመጽሐፉ ምክር ባጭሩ ይኸው ነው፦ የታመመ የሆድ ዕቃ ለውሻ አትስጡ፤ አቃጥሉት ወይም ቅበሩት። በየቤቱ በረዥሙ ክረምት ተነበበ። ሕግ ተከተለው፤ ውሾችን ከትል ማጽዳት ግዴታ ሆነ፤ ዋና ከተማዋ ሬይክያቪክ ጭራሽ እ.ኤ.አ. በ1924 ውሻ ማሳደግን ከልክላ እስከ 1984 ቆየች። ዛሬ በሽታው ከደሴቲቱ ጠፍቷል። ጋሼን እንዲህ አልኳቸው፦ «ጉበቱን ይስጧቸው፤ ግን 30 ደቂቃ አፍልተው። ከረጢት ያለበትን ደግሞ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ይቅበሩት።» ፊታቸውን አጠቆሩ። «የተቀቀለ የበላ ውሻ ሌባ አይነክስም» አሉ። በዚህ ላይ ጥናት አላገኘሁላቸውም።

ስለ ምግብ ብዙ ስንከራከር አንድ ነገር እንዘነጋለን፤ ምግብ ላይ የምናሳብበው በሽታ ሁሉ ከምግብ አይመጣም። ባለፈው ዓመት ነብሮ ጀርባውን እያከከ ጠጉሩን ነቀለ። ሥጋ ተዉለት ተባልኩ፤ ተውኩ። እንጀራ አቁም ተባልኩ፤ አቆምኩ። አንድ ባለሙያ ነኝ ባይ ደግሞ የተለየ ዘይት አስገዛኝ። በመጨረሻ ቁንጫ ነበር። የጭራውን ሥር ገልጦ ያየ ሰው በአንድ ደቂቃ የሚያገኘውን እኔ በሦስት ወር አገኘሁት። ቡችላ በድንገት ሲያስመልሰውና ደም ሲያስቀምጠው «መርዝ በልቶ ነው» ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን እ.ኤ.አ. በ1978 ገደማ ዓለምን ያዳረሰው የፓርቮ ቫይረስ ነው። እሱን የሚከላከለው ክትባት እንጂ የትኛውም ሳህን አይደለም። የሚያረጅ ውሻ ውኃ መጠጣት ሲያበዛና ሲከሳ ደግሞ ኩላሊቱ ይጠረጠራል። በምርመራ ከተረጋገጠ ፎስፈረሱ የተቀነሰ ምግብ ዕድሜውን ያራዝማል። እዚህ ላይ ያለ ማመንታት ለእህቴ ልጅ ከረጢት እፈርዳለሁ፤ ለኩላሊት ታማሚ የተሠራውን በቤት ውስጥ በግምት ማብሰል ከባድ ነው።

ከምግቡ ዓይነት ሌላ ብዛቱም አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት 48 ላብራዶር ውሾችን ከቡችላነት እስከ ሞት ተከታትሏል። ግማሾቹ ከጓደኞቻቸው 25 በመቶ ያነሰ ምግብ ይሰጣቸው ነበር። ያነሰ የበሉት መካከለኛ ዕድሜያቸው 13 ዓመት፣ የጠገቡት ግን 11.2 ዓመት ሆነ። ጥናቱን ያስጠናው የውሻ ምግብ የሚሸጥ ኩባንያ መሆኑ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። እናቴ ይህን ስነግራት «አየህ፣ ጾም ይጠቅማል አላልኩህም?» ብላ ወደ ነብሮ ጠቆመች። ልዩነቱን ለማስረዳት ሞከርኩ፤ እነዚያ ላብራዶሮች የተቀነሰባቸው ብዛቱ እንጂ ዓይነቱ አይደለም። በኮንዶሚኒየም ሶፋ ላይ ኬክ እየተጎረሰ ለሚያድግ ነጭ ትንሽ ውሻ የእናቴ መልስ ልክ ነው። ሌሊቱን ሙሉ አጥር ሲጠብቅ ለሚያድረው ለነብሮ ግን ቀጭን ሽሮ ቀጭን ነው።

ጦሙን ስለሚያድረው ሰው ያነሣችው ጥያቄስ? ዝም ብዬ አላልፈውም፤ ከሁሉም ከባዱ እሱ ነው። አንድ ከረጢት ገዝቼ በር ላይ ቆሞ የሚለምን ልጅን ስመልስ እፍረት ይሰማኛል፤ ባይሰማኝ ደግሞ ይብስ ነበር። ነገር ግን ለውሻ የሚወጣ ገንዘብ ሁሉ ከሰው የተነጠቀ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው፤ በዓለም በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይገድላል፤ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ ግን ሰንሰለቱ ይበጠሳል። የነብሮ ክትባት የዚያ በር ላይ የቆመው ልጅም ክትባት ነው። የትል መድኃኒቱም እንደዚሁ። እኔ እጄ ላይ ያለው ገንዘብ ውስን ከሆነ በመጀመሪያ ለክትባቱ፣ ቀጥሎ ለትሉ መድኃኒት፣ ከዚያ ለድስቱ አውለዋለሁ፤ ከረጢቱን ቡችላ ሳሳድግ ወይም ሐኪም ሲያዝዘኝ እገዛዋለሁ። የእህቴ ልጅ ይህን ቅደም ተከተል አይወደውም። እሱ ራሱ ከፍሎ ስላመጣው ግን ከረጢቱ መደርደሪያው ላይ አለ፤ ነብሮም ከእንጀራው ጋር ሲደባለቅለት ይበላዋል።

በጾሙ ግን አንድ ነገር ተለውጧል። ሽንኩርቱ ድስቱ ላይ ከመውደቁ በፊት፣ ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት ካልተፈጨበት የሽሮ ዱቄት ላይ ጥቂት ተነሥቶ ለብቻው በውኃና በትንሽ ዘይት ወፍሮ ይሠራለታል። ለ20 ኪሎ ውሻ በቀን አንድ እንቁላል ደግሞ ትልቅ ነገር ነው፤ ቅርፊቱም ደርቆ ቢፈጭ 2 ግራም ገደማ ካልሲየም አለው። የጾም ቤት ውስጥ እንቁላል ይቀቀል ብዬ ለእናቴ ለመናገር ሁለት ቀን ፈጀብኝ። መጀመሪያ አልመለሰችልኝም። በማግስቱ ጠዋት ከቅዳሴ ስትመለስ ከሰል ምድጃውን ከጓሮ አውጥታ አየኋት። አሮጌ የወተት ጣሳ ጥዳበታለች፤ የጾም ድስት እንዲነካ አትፈቅድም። እንቁላሉን ፊቷን ዘወር አድርጋ ትልጣለች፣ የነብሮ ሳህን ላይ ትጥለዋለች፤ ከዚያ እጇን ሁለት ጊዜ ትታጠባለች።